የሃይድሮሊክ ዘይት «ባዮዲግሬደብል» (በባክቴሪያ የሚበሰብስ) መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦ «ጣና ላይ እምቦጭ የሚያጭድ ማሽን ላይ እንሠራለን። የሃይድሮሊክ መስመሩ አልፎ አልፎ ስለሚያንጠባጥብ የማዕድን ዘይቱን ትተን ‹ባዮ› የሚባለውን ለመግዛት አስበናል። አስመጪው ያሳየን ወረቀት ‹ሲኢሲ ኤል-33-ኤ-93፣ 92 በመቶ ባዮዲግሬደብል› ይላል። ላቦራቶሪ ስንጠይቅ ደግሞ ቢኦዲ5 ሠርተን በ5 ቀን እንነግራችኋለን አሉን። ይህ ይበቃል? ሌላ ምርመራ ካስፈለገስ እዚሁ ባሕር ዳር መሥራት ይቻላል? ዘይቱ ምርመራውን ካለፈ ሐይቁ ውስጥ የሚንጠባጠበው አያሳስበንም ማለት ነው? አንድ ባልደረባችን ደግሞ የኑግ ወይም የጉሎ ዘይት እያለ ለምን ከውጭ እንገዛለን ይላል።»

ምላሽ፦ ቢኦዲ5 (ባክቴሪያ በ5 ቀን የሚወስደውን ኦክስጅን የሚለካው ምርመራ) አይበቃም። ወረቀቱ ላይ ያለው 92 በመቶም ለጥያቄያችሁ መልስ አይሆንም። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ዘይቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች እስከ መጨረሻው፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና የራሳቸው አካል እስኪሆን ድረስ ይበሉት እንደሆነና ይህንንም በሳምንታት ውስጥ ይጨርሱት እንደሆነ ነው። ከተጠቀሱት ሁለት ምርመራዎች አንዱም ይህን አይለካም።

ከወረቀቱ እንጀምር። ሲኢሲ (የአውሮፓ የነዳጅና የማለስለሻ ዘይት ምርመራ ዘዴ አውጪ አካል) ያወጣው ኤል-33 እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለጀልባ ባለሁለት ምት ሞተር ዘይት የተዘጋጀ የ21 ቀን ምርመራ ነው። ዘይቱ ከማዕድን ጨው ውሃና ከባክቴሪያ ጋር ሲናጥ ይቆያል፤ በመጨረሻ የቀረው ዘይት በሟሟ ፈሳሽ ይወጣና በኢንፍራሬድ፣ 2930 በሴንቲሜትር ላይ፣ የካርቦንና ሃይድሮጅን ትስስሩ ይለካል። ሟሟው ውስጥ ያልተገኘ ሁሉ «ተበላ» ተብሎ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሞለኪውሉ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ወደ ውሃው የሚያደላ ስብርባሪ ቢሆንም መለኪያው አያየውም። የሚነግራችሁ የመጀመሪያው ሞለኪውል መጥፋቱን ብቻ ነው፤ ስብርባሪው ሐይቁ ውስጥ ዓመት ይቆይ ወይም በማግስቱ ይበላ ከቁጥሩ አይታወቅም። ስለዚህ በኤል-33 ከ80 በመቶ በላይ ያገኘ ዘይት እስከ መጨረሻው መበላቱን በሚለካ ምርመራ ሊወድቅ ይችላል። በዚያ ላይ ዘዴው ይጠቀምበት የነበረው ሟሟ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ በመሆኑ በሞንትሪያል ስምምነት ከአገልግሎት እንዲወጣ የተደረገ ነው፤ ዘዴውም በጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚሠራው ሲኢሲ ኤል-103 ተተክቷል። ዛሬ የሚሸጥ ዘይት ወረቀት ላይ ኤል-33 ብቻ ተጽፎ ስታዩ ቁጥሩ ከድሮ ፎርሙላ የተቀዳ እንዳይሆን ጠርጥሩ።

ቢኦዲ5 ደግሞ ለፍሳሽ ውሃ የተሠራ ምርመራ ነው። ዘይት አይሟሟም፤ ጠርሙሱ አንገት ላይ ተንሳፎ ወይም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፣ ባክቴሪያውም የሚያገኘው ገጹን ብቻ ነው። ዘይት መብላት የሚችሉት ዝርያዎች እስኪባዙ ቀናት ስለሚፈጅ በጣም ጥሩ የሆነ የኤስተር ዘይት (ከቅባት አሲድና ከአልኮል የተሠራ) እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ያልተነካ ሊመስል ይችላል። ዝቅተኛ ቁጥር ቢመጣ ዘይቱ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። ከፍተኛ ቁጥር ቢመጣም የተበላው ዘይቱ ሳይሆን ውስጡ ያለ ውሃ የሚያሟሟው ጭማሪ ኬሚካል ሊሆን ይችላል። ቢኦዲን ለሲኦዲ (በኬሚካል ለማቃጠል ለሚያስፈልገው ኦክስጅን) አካፍሎ «0.5 ስለሆነ ይበሰብሳል» ማለትም ከዚሁ ስሕተት አይወጣም። ላቦራቶሪው ለሌላ ሥራ ቢኦዲን በደንብ ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ ግን ገንዘባችሁን አትክፈሉ።

የሚያስፈልጋችሁ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) 301 የምርመራ ተከታታይ ነው። አሁን ባለው መልኩ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀ ሲሆን ከኤ እስከ ኤፍ ስድስት ዘዴዎች አሉት፤ የሁሉም ጊዜ 28 ቀን ነው። ኤና ኢ ውሃው ውስጥ የተሟሟ ካርቦን መቀነሱን ስለሚለኩ ለዘይት ጨርሶ አይሆኑም፤ ዘይቱ መጀመሪያውኑ አልተሟሟምና። ሲ ዝቃጩን (ባክቴሪያ የያዘውን የፍሳሽ ማጣሪያ ጭቃ) ከብዙ ቦታ መሰብሰብ ስለሚጠይቅ ይለፈን። የሚቀሩት ዲ፣ ኤፍና ቢ ናቸው፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ባሕር ዳር ያለችበት ከፍታ ነው።

301ዲ የተዘጋ ጠርሙስ ዘዴ ነው፤ ውሃው ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል። መመሪያው የተጻፈው ኦክስጅኑ ወደ 9 ሚሊግራም በሊትር በሚሆንበት የባሕር ጠረፍ አየር ነው። በ1,800 ሜትር ግድም ግን የአየር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ የጠገበ ውሃ የሚይዘው 7 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ ብላንኩ (ዘይት የሌለበት ማነጻጸሪያ ጠርሙስ) እስከ 1.5 ሊወስድ ይፈቀድለታል፤ ጠርሙሱም ከ0.5 በታች መውረድ የለበትም። ለዘይቱ የሚተርፈው 5 ሚሊግራም ነው። አንድ ግራም የአትክልት ዘይት ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 2.9 ግራም ያህል ኦክስጅን ስለሚፈልግ ዘዴው የሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን፣ 2 ሚሊግራም በሊትር፣ ብቻውን 5.8 ሊጠይቅ ይችላል። ልክ ለልክ ነው፤ ትንሽ ከተሳሳታችሁ ኦክስጅኑ ያልቃል። ደግሞም አንድ ሚሊግራም የማይሞላ ዘይት መዝኖ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት በወረቀት ላይ የሚቀል፣ በእጅ የማይቀል ሥራ ነው።

301ኤፍ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ግፊት ሲቀንስ ኦክስጅን መበላቱን ያሰላል፤ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ክዳኑ ሥር ያለ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንክብል ይመጠዋል። ኦክሲቶፕ የሚባለው ባለ ዲጂታል ክዳን ጠርሙስ ያለው ላቦራቶሪ ሊሠራው ይችላል። 510 ሚሊሊትር በሚይዘው ጠርሙስ ውስጥ 164 ሚሊሊትር ፈሳሽ፣ 100 ሚሊግራም በሊትር ዘይት ብታደርጉ የሚገባው ዘይት 16 ሚሊግራም ግድም ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢበላ 47 ሚሊግራም ኦክስጅን ይወስዳል፣ ዝቃጩ ራሱ ደግሞ 5 ያህል ይጨምራል። በባሕር ዳር ከተማ የአየር ግፊት በላይኛው ባዶ ቦታ ያለው ኦክስጅን ከ80 ሚሊግራም በታች ነው። ይበቃል፤ ነገር ግን «ጎልቶ እንዲታይ» ብሎ ዘይቱን ማብዛት ኦክስጅኑን ያስጨርሳል፣ ውጤቱም ዘይቱ እንደ ወደቀ መስሎ ይመጣል። አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥም ኦክስጅን ይበላል፤ አሊልታዮዩሪያ ጨምራችሁ ካልከለከላችሁት ያንን ለዘይቱ ትቆጥሩለታላችሁ።

መሣሪያው ከሌለ፣ ቢኖርም እንኳ ለመጀመሪያ ፍተሻ፣ የምመክረው 301ቢን ነው። የሚለካው የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀጥታ ስለሆነ ከፍታው አይረብሸውም፣ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። አይኤስኦ 9439 ይኸው ዘዴ ነው፤ ኤኤስቲኤም ዲ5864 ደግሞ ለማለስለሻ ዘይት ተብሎ የተሰናዳ ወንድሙ ነው። የሚያስፈልገው የመስታወት ዕቃ፣ የአየር ፓምፕ፣ ማግኔት ማማሰያ፣ ቡሬት፣ 0.1 ሚሊግራም የሚመዝን ሚዛን፣ 22 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2 ዲግሪ ላይ የሚቆይ ጨለማ ክፍልና በተለይ ትዕግሥት ነው።

ስድስት ጠርሙስ አዘጋጁ፤ እያንዳንዱ 3 ሊትር ፈሳሽ ይይዛል። ሁለቱ ዘይቱ ያለባቸው፣ ሁለቱ ዝቃጭ ብቻ ያለባቸው ብላንክ፣ አንዱ በቀላሉ እንደሚበላ የታወቀ ንጥረ ነገር ያለበት ማመሳከሪያ፣ አንዱ ደግሞ ዘይቱና ማመሳከሪያው አብረው ያሉበት የመርዛማነት መቆጣጠሪያ ናቸው። ዘይቱ በሊትር 20 ሚሊግራም ካርቦን እንዲሰጥ ይደረጋል፤ በ3 ሊትር 60 ሚሊግራም ካርቦን ማለት ነው። የአትክልት ዘይትና የኦሌይክ አሲድ ኤስተሮች ክብደታቸው 77 በመቶ ግድም ካርቦን ስለሆነ 78 ሚሊግራም ዘይት ይበቃል። ለማመሳከሪያ ሶዲየም ቤንዞኤት 103 ሚሊግራም ያስፈልጋል። 60 ሚሊግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል 220 ሚሊግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ይህን 220 ያዙት፣ የመቶኛው ስሌት በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

የጨው ውሃው ከአራት ክምችት ይዘጋጃል። የመጀመሪያው በአንድ ሊትር 8.50 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ 21.75 ግራም ዳይፖታሲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት፣ 33.40 ግራም ሁለት ሞለኪውል ውሃ ያለው ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌትና 0.50 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ ነው፤ ፒኤቹ 7.4 መሆን አለበት። ሁለተኛው በሊትር 27.50 ግራም ውሃ አልባ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ሦስተኛው 22.50 ግራም ሰባት ውሃ ያለው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ አራተኛው 0.25 ግራም ስድስት ውሃ ያለው ፌሪክ ክሎራይድ ነው። ለአንድ ሊትር ከመጀመሪያው 10፣ ከሌሎቹ ግን 1 ሚሊሊትር ብቻ ይገባል። አራቱን ክምችት እርስ በርስ ሳታቀላቅሉ አንድ በአንድ ወደ ብዙ ውሃ ጨምሩ፤ ፎስፌቱና ካልሲየሙ ሳይቀጥኑ ከተገናኙ ይረጋሉ።

ዝቃጩ የቤት ፍሳሽ ብቻ ከሚቀበል የፍሳሽ ማጣሪያ መምጣት አለበት። ከጋራዥ ቦይ ወይም ዘይት ከሚደፋበት ጉድጓድ የተቀዳ ዝቃጭ ዘይት መብላት የለመደ ባክቴሪያ ስለሚይዝ ውጤቱን ያሳምረዋል፤ የዚህ ምርመራ ሕግ ደግሞ ለዘይቱ አስቀድሞ የተለማመደ ባክቴሪያን ይከለክላል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀላቀልበትም አይሁን፤ ክሮሚየሙ ባክቴሪያውን ይጎዳል። ዝቃጩን በጨው ውሃው እጠቡት፣ በ105 ዲግሪ አድርቃችሁ የደረቅ ክብደቱን እወቁ። 4 ግራም በሊትር ከሆነ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ 22.5 ሚሊሊትር ስትጨምሩ የሚፈቀደው ጣሪያ፣ 30 ሚሊግራም በሊትር፣ ላይ ትደርሳላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ከ5 እስከ 7 ቀን ያለ ምግብ አየር እየነፋችሁ አቆዩት፤ ዝቃጩ የራሱን ስንቅ ይጨርስና ብላንኩ ዝቅ ይላል። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ከዚያ ብላንኩና ዘይቱ እኩል ጋዝ ሲያወጡ ይገረማሉ።

ዘይቱን ማስገባቱ ነው ከሁሉ የሚከብደው። በውሃ በጥብጣችሁ በፒፔት አትከፋፍሉት፤ ግማሹ ፒፔቱ ላይ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ለየብቻ በትንሽ የመስታወት ስላይድ ወይም በግላስ ፋይበር ማጣሪያ ላይ መዝናችሁ ከነማጣሪያው ጣሉት። ለመበተን አልትራሳውንድ መጠቀም ይቻላል፤ አይኤስኦ 10634 የሚፈቅዳቸው መንገዶች ውስጥ አለ። እንደ ትዊን 80 ያለ ማስተዋሐጃ ግን አትጨምሩ፤ ራሱ ስለሚበላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የእሱ ይሁን የዘይቱ አይለይም። በሚተን ሟሟ ካሟሟችሁትም ሟሟው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ካልበረረ የዚያኑ ዓይነት ስሕተት ይፈጥራል። ማማሰያው ዘይቱን ወደ ታች የሚስብ ያህል ይፍጠን፣ ዘይቱን ከውሃው መስመር በላይ መስታወቱ ላይ የሚረጭ ያህል ግን አይሁን። ሁለቱ የዘይት ጠርሙሶች ውጤት ከ20 ነጥብ በላይ ከተራራቀ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ መስታወቱ ላይ የቀረ የዘይት ቀለበት ነው።

አየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሌለበት መሆን አለበት። ከፓምፑ «ሶዳ ላይም» በሚባለው ጋዝ መጣጭ ጠጣር ወይም በጠንካራ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አልፎ፣ ከዚያ በአንድ ጠርሙስ ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ይለፍ፤ ይህ የመጨረሻው ጠርሙስ ከደፈረሰ ማጣሪያው አልቋል ማለት ነው። ፍጥነቱ ከ30 እስከ 100 ሚሊሊትር በደቂቃ ነው። የሲሊኮን ቱቦ ጋዝ ስለሚያሳልፍ በተቻለ መጠን መስታወት ተጠቀሙ። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የሚወጣው አየር 100 ሚሊሊትር፣ 0.0125 ሞላር ባሪየም ሃይድሮክሳይድ በያዙ ሦስት ጠርሙሶች በተከታታይ ያልፋል። ለዚህ 4.0 ግራም ስምንት ውሃ ያለው ባሪየም ሃይድሮክሳይድ በሊትር አሟሙ፣ አጣሩ፣ ትክክለኛ ጥንካሬውን በአሲድ ለኩና ከአየር ሸሽጋችሁ አስቀምጡ። ለ28 ቀን 8 ሊትር ያህል ይወስድባችኋል። ባሪየም መርዝ ነው፤ በአፍ አይሳብ፣ ሲጨርስም በሶዲየም ሰልፌት አርግታችሁ እንጂ እንዲሁ ወደ ማጠቢያው አትድፉት።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣውን አደጋ አስቀድማችሁ አስቡ። ፓምፑ ሲቆም ግፊቱ ይገለበጥና ባሪየሙ ወደ ባክቴሪያው ጠርሙስ ሊሳብ ይችላል፤ ያን ያህል አልካሊ ከገባ ያ ጠርሙስ አለቀለት። መሐል ላይ አንድ ባዶ ጠርሙስ ማስገባት ይህን ያድናል፤ ፓምፑንና ማማሰያውን በባትሪ መደገፍ ደግሞ የተሻለ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በየ5 ቀኑ ለጠርሙሱ ቅርብ የሆነውን ባሪየም አውጥታችሁ በ0.05 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድና በፊኖልፍታሊን (ቀለም አመልካች) ታይትሬት አድርጉ፤ ሁለቱን ወደ ፊት አዙሩና አዲስ በመጨረሻ አስገቡ። ከ50 ላይ (ጋዝ ያልነካው ባሪየም የሚፈጀው አሲድ ነው) የፈጀውን የአሲድ ሚሊሊትር ቀንሳችሁ በ1.1 ስታባዙ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሚሊግራም ታገኛላችሁ። ለምሳሌ የዘይቱ ጠርሙስ 31 ሚሊሊትር ከወሰደ 20.9፣ ብላንኩ 44 ከወሰደ 6.6 ነው፤ ልዩነቱ 14.3 ለ220 ሲካፈል 6.5 በመቶ ይሆናል። አሲዱን ቀስ አድርጉት፤ ከቸኮላችሁ የረጋውን ባሪየም ካርቦኔት ያሟሟና ውጤቱን ያሳንሰዋል። በ28ኛው ቀን በየጠርሙሱ 1 ሚሊሊትር ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምራችሁ ሌሊቱን አየር ንፉ፤ ውሃው ውስጥ የተያዘው ጋዝ ይወጣል፣ የመጨረሻው መለኪያ በ29ኛው ቀን ይወሰዳል።

ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ሌሎቹን ጠርሙሶች ተመልከቱ። ቤንዞኤቱ በ14 ቀን 60 በመቶ ካልደረሰ ዝቃጩ ደካማ ነው፤ ስለ ዘይቱ ምንም አትናገሩ። ብላንኩ በጠቅላላው በሊትር 40 ሚሊግራም፣ ማለትም በ3 ሊትሩ 120 ሚሊግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለፍ የለበትም። የመርዛማነት መቆጣጠሪያው በ14 ቀን 25 በመቶ ካልደረሰ ዘይቱ ባክቴሪያውን እየጎዳ ነው። በዚህ ጊዜ ዝቅ ያለ ውጤት «አይበሰብስም» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ምርመራው በአነስተኛ መጠን ይደገማል። መርዛማነቱ ራሱ ግን ለዓሣው መልካም ዜና አይደለምና እግረ መንገዳችሁን መዝግቡት።

ማለፊያው 60 በመቶ ነው። ይህን ሲሰማ «40 በመቶው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው?» የሚል ብዙ ነው። አይደለም። ባክቴሪያው ከሚበላው ካርቦን ከፊሉን አካል ስለሚሠራበት ንጹሕ ስኳር እንኳ 100 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሰጥም። ለአንድ ንጥረ ነገር ከሆነ 60 በመቶው 10 በመቶ ከተደረሰ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ እንዲመጣ ይጠየቃል፤ እንደ ሃይድሮሊክ ዘይት ላለ ቅልቅል የ10 ቀን መስኮቱ አይተገበርም፣ ምክንያቱም ክፍሎቹ ተራ በተራ ስለሚበሉ።

ይህ ቅልቅል የሚባለው ነገር ግን ትልቁን ማምለጫ ቀዳዳ ይከፍታል። 70 በመቶ ኤስተር፣ 30 በመቶ የማዕድን ዘይት የተቀላቀለበት ዘይት አስቡ። ኤስተሩ 85፣ የማዕድን ዘይቱ 20 በመቶ ቢበላ አማካዩ በካርቦን ሲሰላ 64 ገደማ ይመጣል። ምርቱ አለፈ! አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ካርቦን ግን በአመዛኙ የማይነካ ነው። የአሜሪካ የመርከብ ፍሳሽ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ለመዝጋት በክፍል በክፍል መቁጠርን መረጠ፦ ከዘይቱ ክብደት ቢያንስ 90 በመቶው ራሱን ችሎ 60 በመቶን የሚያልፍ ንጥረ ነገር መሆን አለበት፤ ጨርሶ የማይበሰብሰው ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ በአካል ውስጥ የሚከማችም መሆን የለበትም። ሕጉ ጣናን አይገዛም፤ መለኪያው ግን ለእናንተም ይሠራል። «በባሕርዩ ባዮዲግሬደብል» ለሚል ወረቀትም ተጠንቀቁ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በ28 ቀን ከ20 እስከ 60 በመቶ የመጣን ዘይት የሚያሞካሽ ቃል ነው፣ ተራ የማዕድን ዘይትም በዚህ ስም ሊሸጥ ይችላል።

እንግዲህ ግዢውን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው። አይኤስኦ 15380ን የሚያሟላ፣ ኤችኢኢኤስ ተብሎ የተመደበ ሰው ሠራሽ ኤስተር ዘይት፣ የማሽኑ አምራች በሚያዘው ውፍረት ግዙ። አስመጪው የተጠናቀቀውን ምርት የኦኢሲዲ 301ቢ ወይም 301ኤፍ፣ አለዚያም የአይኤስኦ 14593 ሙሉ ሪፖርት ያምጣ፤ የአንድ መስመር ማጠቃለያ አትቀበሉ። ሪፖርቱ ላይ የብላንኩን፣ የማመሳከሪያውንና የሁለቱን ጠርሙሶች ቁጥር ፈልጉ፤ የምርቱ ስምና የውፍረት ቁጥር በርሜሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ ላቦራቶሪውም በአይኤስኦ 17025 ዕውቅና ያለው ወይም በጂኤልፒ (ጥሩ የላቦራቶሪ አሠራር ደንብ) የሚሠራ ይሁን። ከዚያ ጋር የማይበሰብሰው ክፍል ስንት በመቶ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ኤል-33ን ብቻ ይዞ የመጣን ሻጭ መልሱት። እዚህ የምትሠሩት 301ቢ የአምራቹን ሪፖርት አይተካም፤ የመጣው በርሜል በወረቀቱ ላይ ካለው ዘይት ብዙ አለመራቁን ለማየት ግን ይጠቅማል። ሪፖርቱ 75 ብሎ የእናንተ 30 ከመጣና ማመሳከሪያው ካለፈ አንድ ነገር ተቀይሯል።

ቢያልፍም ሐይቁ ውስጥ መፍሰሱ ያሳስባችኋል። አንድ ሊትር ዘይት ሙሉ በሙሉ ሲበሰብስ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይወስዳል፤ ይህ 380 ኪዩቢክ ሜትር የጣና ውሃ ጠግቦ የሚይዘው ኦክስጅን ነው። እምቦጭ ሸፍኖት ንፋስ በማያገኘው ዳርቻ ደግሞ ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ ያነሰ ነው። ምርመራው የሚሠራው አየር እየተነፋ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ የገባ ዘይት ምን እንደሚሆን አይናገርም። የተመረመረውም አዲሱ ዘይት ነው፤ ማሽን ውስጥ ሠርቶ የወጣው መዳብ፣ ብረትና የተቃጠለ ቅሪት ስለሚይዝ እንደማንኛውም የተቃጠለ ዘይት ተሰብስቦ ይወገዳል። የሚያንጠባጥበውን ሆዝና የማሸጊያ ጎማ («ሲል») መቀየር ዘይቱን ከመቀየር ይቀድማል።

የባልደረባችሁ ሐሳብ በመበስበስ በኩል ትክክል ነው፤ ኑግም ሆነ ጉሎ በባክቴሪያ በቀላሉ ይበላሉ። ማሽኑ ላይ ነው የማይሆኑት። የኑግ ዘይት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ሲሞቅና አየር ሲያገኝ ይረጋል፤ ቫልቩ ላይ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፋል፣ የረጋው ደግሞ እንደ ትኩሱ በቀላሉ አይበላም። የጉሎ ዘይት ኦክሳይድን ይቋቋማል፣ ነገር ግን በ40 ዲግሪ ውፍረቱ 250 ሚሊሜትር ስኩዌር በሰከንድ ያህል ነው፤ ለብዙ ማሽን የሚታዘዘው 46 ነው፣ ፓምፑ ጠዋት ሊስበው አይችልም። ክፍት በሆነ ሰንሰለት ወይም ማጠፊያ ላይ በእጅ ለመቀባት ከሆነ ጉሎን ሞክሩት።

ዘይቱን ስትቀይሩ የድሮው የማዕድን ዘይት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይቀር፤ አይኤስኦ 15380 የሚመክረው ይህን ነው። ታንኩን ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፤ ሲሊንደሮቹን ጨርሶ ሰብስባችሁ አፍስሱ፣ ማጣሪያውን ቀይሩ፣ በአዲሱ ዘይት አንድ ጊዜ አዙራችሁ ያንንም አውጡ። ኤስተር በውሃና በሙቀት ወደ አሲድ ስለሚፈርስ፣ ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ማሽን ደግሞ ውሃ መግባቱ ስለማይቀር፣ ታንኩ መተንፈሻ ላይ እርጥበት የሚመጥ ማጣሪያ ግጠሙ፤ ናሙና ወስዳችሁ የውሃውንና የአሲድ ቁጥሩን ማስለካቱንም ከቅባት ፕሮግራሙ ጋር አያይዙት። ዘይቱ ወተት መስሎ ከደፈረሰ የላቦራቶሪ ውጤት ሳትጠብቁ ማሽኑን አቁሙ።